ጢም ያለ ብርጭቆ

ጥቅምት 9

የውሃ መሥሪያ ቤቱን ስቶር ቆልፌ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ሄጄ ተመለስኩና ቁልፉን ነካ ነካ አደረግኩት። ተቆልፏል። የውሃ ቆጣሪ ማን ይሰርቃል... ልቤ ግን አያርፍም።

እራት የምሳ ሽሮ። ተረፋ ብቅ አለ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ፣ ልብስ ሰፊው፣ የጴንጤዎቹ ቸርች ሽማግሌ። "ነጋዳ ጫንያለው?" አለኝ በኦሮምኛው፣ ሰላም ነው ወይ። "ነጋ፣ ነጋ።" ሻይ ቀዳሁለት፣ ጢም አድርጌ፣ እንደ ሁልጊዜው። ጠጣ። "በል እንግዲህ" አለና ወንበሩ ሳይሞቅ ሄደ። ባለቤቴ ዘርፈሽ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ነው። ሰው ይገባል፣ ይጠጣል፣ ይወጣል።

ማታ ላይ ልጄ ሐሴት ከአዲስ አበባ ደወለች።

"አባዬ፣ ተቀምጠሃል?"

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም አልሆንኩም። ተቀመጥ ብቻ።"

ቻይና ስትማር የተዋወቀችው ልጅ አለ። ፍሩዝ ይባላል። አገሩ ታጂኪስታን። ሊያገባት ይፈልጋል። አባቱ ራሱ መጥቶ ሊጠይቀኝ ነው። እዚህ፣ ነቀምት ድረስ።

"የት ነው ታጂኪስታን?"

"ሩቅ ነው አባዬ።"

ቻይናም ሩቅ ነበር። ያኔ ግን ትመለሻለሽ ብዬ ነው የሸኘኋት።

ጥቅምት 11

የሚያሳስበኝን ልጻፈው፣ ምናልባት ቢቀለኝ።

1. ሃይማኖት። ሙስሊም ናቸው።
2. ርቀቱ።
3. ቋንቋ። ሐሴትና ልጁ የሚያወሩት በቻይንኛ ነው! የልጅ ልጄ በምን ሊያናግረኝ ነው?
4. መንገዱ። ሰሞኑን ደህና ነው ይላሉ። ይላሉ...
5. ሳሎኑ። ኮርኒሱ ላይ የዝናብ እድፍ አለ።

ስለ አንደኛው ደወልኩላት። "እኔ አልቀይርም፣ እሱም ቀይሪ አላለኝም" አለች። የወሎው አያቴ ስማቸው ሰይድ ነበር፣ ሴት አያቴ ደግሞ የማርያምን ዝክር አታጓድልም ነበር። አንድ ጣሪያ ስር አርጅተዋል። ለተረፋ ስነግረው ሁሌ "እናንተ ወሎዎች!" ብሎ ይስቃል። የራስ ልጅ ሲሆን ግን... እንጃ።

ጥቅምት 15

ስለ አገሩ ከስልክ ያገኘሁት፦

ቋንቋቸው ፋርስኛ ነው። የሚጽፉት ግን በሩሲያ ፊደል። ሶቪየት ስር ስለነበሩ።

ዋና ከተማው ዱሻንቤ። ትርጉሙ ሰኞ! ድሮ የሰኞ ገበያ ነበር አሉ። ይሄን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ። እኛስ አገር ስንት ሰኞ ገበያ፣ ስንት ቅዳሜ ገበያ አለ።

የነልጁ ከተማ ኹጃንድ። ትልቅ ወንዝ አለው። ታላቁ እስክንድር እዚያ ደርሶ ከተማ ቆርቁሯል፣ በዚያ በኩል ከዚያ ወዲያ አልሄደም። እስክንድር በቃኝ ያለበት ቦታ ነው ልጄ የምትሄደው?

አገሩ ሁሉ ተራራ።

ሶቪየት እንደፈረሰ እርስ በርስ ተዋግተዋል። አምስት ዓመት ያህል። መንደር ለመንደር። ይሄን ሁለቴ አነበብኩት።

ሰላም ሲሉ እጃቸውን ልባቸው ላይ ያደርጋሉ። ሰላምታቸው ረጅም ነው። ቤቱ፣ ልጁ፣ ጤናው፣ ስራው... ይሄማ ነቀምት ገበያ ያለ ነገር ነው።

ቪዲዮም አየሁ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አረንጓዴ ሻይ፣ ጆሮ በሌለው ጎድጓዳ ስኒ። የቤቱ ባለቤት የሚቀዳው ታዲያ... አንድ ጉንጭ! ይሄን ያህል ስስት ምንድነው? እኔ ቤት ግን እንዲህ አይሆንም። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣን ሰው ግማሽ ብርጭቆ አላጠጣም። እሞላለታለሁ።

ህዳር 2

የተገዛ፦ ቀለም (ለኮርኒሱ)፣ አዲስ የሻይ ብርጭቆ፣ ምንጣፍ።

ያልተፈታ፦ ሥጋው። እኔ ባርደው እነሱ አይበሉም። ሙስሊም ቢያርደው እኔና ተረፋ አንበላም። በአንድ ገበታ ቀርበን ግማሻችን ልንተያይ ነው?

ተረፋ ነው የፈታው። "ዓሣ አድርገው። ዓሣ ማን ያርደዋል?"

ከዴዴሳ ወንዝ የሚያመጣ ሰው አገኘሁ።

ተራው እንዲህ ይሆናል። ምሳ። ሻይ። ከዚያ ተረፋ ሽማግሌዬ ሆኖ አስር ሰዓት ላይ ይመጣል። አባትየው ይጠይቃል። እኛ "እንመካከርበት" እንላለን፣ ወጉ ስለሆነ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ይጠይቃል። ያኔ... ያኔ ምን እላለሁ? እሺ ካልኩ ሄደች። እምቢ ካልኩ ደግሞ ሌላ አይነት ሄደች።

ህዳር 6

ከመጀመሪያው ልጻፍ፣ ምናልባት ያጠፋሁት ይገባኝ ይሆናል።

አባትየው ባህሮም ይባላል። በእድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፣ እጁ ሰፊ። ጡረታ እስኪወጣ የካማዝ ጭነት መኪና ነጂ ነበር። ጠዋት ከሐሴት ጋር ሄደን እሱንና ፍሩዝን ከሆቴል ስናመጣቸው አንድ ጋራዥ በር ላይ አሮጌ ዑራል፣ የሩሲያ ጭነት መኪና፣ ቆሞ አየ። መኪናውን አስቆመ፣ ወረደ፣ የዑራሉን አፍንጫ እንደ ከብት ደባበሰው። ሳቅን። ፍሩዝ ለሐሴት በቻይንኛ፣ ሐሴት ለኔ በአማርኛ። "በጦርነቱ ጊዜ ዱቄት ያመላለስኩት እንደዚህ ባለ ነው ይላል።" መንገድ ሲዘጋበት ተራራ ላይ ያድር ነበር። መንገድ ሲዘጋ እኔም አውቃለሁ አልኩት። ይሄኛው ሲተረጎምለት አየኝ። ወደድኩት። እውነቴን ነው፣ ወደድኩት።

ዓሣው ጥሩ ነበር። በእጁ አጥንቱን እየለቀመ በላ። እግሩ አጠገብ አንድ ፌስታል አስቀምጧል፣ የተጣጠፈ ነገር አለበት፣ ባለ መስመር ጨርቅ። አልከፈተውም።

ከምሳ በኋላ ፍሩዝ የዘርፈሽን መቃብር ልይ አለ። ልጁ ጨዋ ነው። ሐሴት ይዛው ሄደች። ሁለታችን ቀረን።

ሻዩን አመጣሁ። ቀዳሁለት። ጢም አድርጌ፣ ከብርጭቆው አፍ ሊፈስ እስኪደርስ። ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየኝ። ፈገግታው የት እንደገባ አላውቅም። ትኩስ ሆኖበት ይሆናል አልኩ። ቶሎ ቶሎ ጠጣው። ወደደው ብዬ ደስ አለኝና ደገምኩት። ጢም! ሁለተኛውን ቆሞ ነው የጨረሰው። እጁን ልቡ ላይ አደረገ፣ ጎንበስ አለ፣ ፌስታሉን አነሳ። በሩ ላይ ባጃጅ አስቆመና ሄደ።

ጥያቄውን ሳይጠይቅ።

አስር ሰዓት ላይ ተረፋ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ።

"እንግዳው የታል?"

"ሄደ።"

"ወዴት?"

"እኔ ምኑን አውቄ!"

"ጉዳ! እኔ ከረባት አስሬ?"

ልጆቹ ተመልሰው ሆቴል ሮጡ። ሐሴት ማታ ብቻዋን መጣች። "ምን ተባባላችሁ?" ትለኛለች። በምን ቋንቋ ነው የምንባባለው?

ህዳር 7

በጠዋት ወጥተዋል። ሐሴትም አብራቸው እስከ አዲስ አበባ።

ምን አይቶ ነው? ኮርኒሱን ቀለም ቀብቼዋለሁ። ብርጭቆው አዲስ ነው። ቤቱን ንቆት ይሆን? እኔን?

ህዳር 12

ሐሴት ደወለች።

"አባዬ፣ ካልፈለግክ ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ምኑን?"

"ሰውየውን ለምን አባረርከው?"

"እኔ? እኔ ላባርር? ዓሣ ከዴዴሳ አስመጥቼ?"

"የቤቱ ባለቤት ሂድ አለኝ ብሏል ለልጁ። ሌላ አልተናገረም። በጨዋ ደንብ ነው ያሰናበተኝ ብሎ ነው ዝም ያለው።"

"እሱ ነው ጥሎኝ የሄደው!"

"በቃ አባዬ። በቃ።"

ዘጋችው። ልጄ ውሸታም አደረገችኝ።

ህዳር 28

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ደወልኩ፣ አንድ ጊዜ፣ አላነሳችም።

ታህሳስ 29

ገና። "እንኳን አደረሰህ" ብላ ጻፈች። "እንኳን አብሮ አደረሰን" አልኳት። ከዚያ ምን እንደምጨምር ጠፋኝ።

ተረፋ ልጆቹ ከአርጆ መጥተውለት ቤቱ ይንጫጫል። በግድግዳው ይሰማኛል። ና ብሎኝ ነበር። ራሴን አሞኛል አልኩ።

ጥር 20

ስቶር፣ ቤት። ስቶር፣ ቤት። ተረፋ ብቅ ብሎ ጠጣ፣ ሄደ።

የኹጃንድን ቪዲዮ ማየት ለምዶብኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ። የሐሙስ ገበያ የሚባል ትልቅ አዳራሽ አላቸው፣ የደረቀ ሚሽሚሽ፣ ኮክ የመሰለ ፍሬ፣ ክምር በክምር። ሴቶቹ ቀስተ ደመና የመሰለ ሐር ይለብሳሉ። ሐሴትን እዚያ መሀል እያስገባሁ አያታለሁ። ዳቦውን በቢላ አይቆርጡትም፣ በእጅ ነው። ተገልብጦ ከተቀመጠ አንዱ ተነስቶ ያቃናዋል። ለዳቦ ይሄን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው እኔን ለምን ናቀኝ?

የካቲት 18

አንድ ነገር አየሁ።

ያንኑ የሻይ ቪዲዮ ነው። እስከ ዛሬ መጨረሻውን አይቼው አላውቅም ነበር። ባለቤቱ ይቀዳል፣ አንድ ጉንጭ። እንግዳው ይጠጣል፣ ያወራል፣ ስኒውን ይመልሳል። እንደገና አንድ ጉንጭ። እንደገና። ጥላው እስኪዞር ተቀምጠዋል። ስስታም ቢሆን ይሄን ያህል ጊዜ ተነስቶ ይቀዳል እንዴ? መጨረሻ ላይ ባለቤቱ አንዴ ሞልቶ ቀዳ። ጢም። እንግዳው ሳቀ፣ ጠጣ፣ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ ተነሳ።

እንደ ባህሮም።

መለስኩና አየሁት። እንደገና መለስኩት። ሌላ ቪዲዮ ፈለግኩ። እዚያም ያው።

ሁለቴ ነው የሞላሁለት። ሁለቴ ውጣ አልኩት ማለት ነው።

የካቲት 20

ለሐሴት አልነገርኳትም።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያየውም። ዝም ካልኩ እዚሁ ትቀራለች። አዲስ አበባ እኮ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ አንድ ቀን ነው። ጊዜ ካለፈ ትረሳዋለች። ሌላ ሰው ታገኛለች፣ ከዚሁ አካባቢ፣ የአኖ ልጅ፣ የባኮ ልጅ... ማንም ጥፋተኛ አይለኝም። ሻይ ሞልቶ መቅዳት ጥፋት ነው እንዴ?

ዛሬ ስቶሩን ስቆልፍ ሁለቴ አላየሁም። ሌላ ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ።

የካቲት 21

ደወልኩላት።

"ደህና ነህ አባዬ?" ድምጿ እንደ ባንክ ሠራተኛ።

"አንድ ነገር ለፍሩዝ ጠይቂልኝ። ብርጭቆ ጢም ብሎ ሲቀዳ እነሱ ጋ ምን ማለት ነው?"

"ምን?"

"ሻይ። ጠይቂው ብቻ።"

ቆይታ መልሳ ደወለች። ትስቃለች መሰለኝ፣ ከዚያ ሳቁ ተበላሸና ለቅሶ ሆነ።

"አባዬ፣ ሞልተህ ነው የቀዳህለት?"

"ሁለቴ።"

"ሁለቴ! አባዬዬ... ጠጣና ሂድ ማለት ነው እኮ! ትንሽ ሲቀዳ ነው ቆይ ማለት፣ ደጋግሜ ላስተናግድህ ማለት።"

"እኔ ስስት መስሎኝ..."

"ሰውየው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ!"

"ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ነው እኮ የሞላሁለት!"

ከዚያ "ይቅርታ አባዬ፣ ውሸትህን መስሎኝ ነበር" አለች። አውቄ ሳልነግራት የቆየሁባቸውን ቀናት አልነገርኳትም። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር።

የካቲት 25

ፍሩዝ ለአባቱ ነግሮታል። አባቱ "ሊሆን ይችላል" ብቻ ነው ያለው። ኩሩ ሰው ነው። የሸኘኝ ሰው ራሱ ይጥራኝ እንጂ ልጆች አይጥሩኝ አለ አሉ። ልክ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው።

ፍሩዝ እስከ ኖሩዝ ይቆይ ብሏል። አዲስ ዓመታቸው ነው፣ መጋቢት 12። የተቀያየመ ሰው ያን ቀን ይታረቃል። ዘንድሮ ዒድም ከጎኑ ነው።

መጋቢት 12

ተረፋ ከረባቱን አስሮ መጣ። "ዛሬም ከሄደ ከረባቴን ላንተ ነው የማስርልህ" አለኝ።

ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደግፈን አቆምነው። ሐሴት ከአዲስ አበባ፣ ፍሩዝ ከአባቱ ጎን። ባህሮም ግቢው ውስጥ ተቀምጧል፣ ከኋላው ዛፉ ነጭ አበባ አውጥቷል። ፊት ለፊቱ ድስት ሙሉ ቡናማ ገንፎ ነገር አለ። ስንዴ አብቅለው ሴቶቹ ሌሊቱን ሲያማስሉት ያደሩት ነው አለች ሐሴት። ብቅል ነው እኮ! ጠላ ያልሆነ ብቅል።

ሰላም አለ፣ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ። ፊቱ አልተፈታም።

የምለውን ስደረድር ነበር የሰነበትኩት። ጠፋኝ። ማንቆርቆሪያውን አነሳሁና ቀዳሁ። አንድ ጉንጭ። የብርጭቆው ቂጥ ብቻ እርጥብ ሆነ። ለስልኩ አሳየሁትና ፊቱ አስቀመጥኩለት።

ብርጭቆውን አየ። ተረፋ ጉልበቴን ጨመቀኝ።

ከዚያ ባህሮም በሳቅ ወደቀ። ሚስቱን ጠራት፣ መጥታ አየች፣ እሷም አፏን ይዛ ሳቀች። የራሱን ስኒ አነሳና ቀዳ። ትንሽ። አሳየኝ። የሱን እሱ ጠጣ፣ የኔን እኔ። እንደገና ቀዳሁ፣ እንደገና ቀዳ። ማንም ቸኩሎ አልተናገረም። ከዚያ ስኒውን አስቀመጠና ጠየቀ። ፍሩዝ በቻይንኛ አለው፣ ሐሴት በአማርኛ ልትነግረኝ ጀመረችና ድምጿ ተቆረጠ። መተርጎም አላስፈለገም።

ተረፋ በጆሮዬ "'እንመካከርበት' በል፣ ወጉ ነው" አለኝ።

"ወጋችን አንዴ ጎድቶናል፣ ተው" አልኩት።

"እሺ" አልኩ። እሺ በሉት አልኳት።

ስልኩ ጠፍቶ ሲጨልም የራሴን ፊት አየሁበት። ሽበቴ በዝቷል።

ግንቦት 23

ሰርጉ አለፈ። ትንሽ ነበር፣ ጥሩ ነበር። ባህሮም ሁለተኛ መምጣት አልቻለም። ያቺን ፌስታል ግን ልኳል። ፍሩዝ ሰው ሁሉ ፊት ከፈታት። ባለ መስመር ካፖርት፣ ጥጥ የተሞላ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ። ለሚያከብሩት ሰው ነው የሚያለብሱት። አለበሰኝ፣ ወገቤን በሻሽ አሰረልኝ። ህዳር ላይ ይዞልኝ መጥቶ የነበረው እሱን ነው። ይዞ የተመለሰው።

ሰኔ 5

ሄደች። አዲስ አበባ ኤርፖርት ድረስ ሸኘኋት። ብዙ ልነግራት ያሰብኩት ነበር፣ በተራ በተራ። "ፓስፖርትሽን ያዝሽ?" ብቻ ነው ያልኩት። አራት ጊዜ መሰለኝ።

ቤት ስገባ ጫማዋ አልጋ ስር ነበር። አልነካሁትም።

ሰኔ 8

ደወለች። ደርሳለች። አማቷ እጇን ይዛ ግቢውን አዞረቻት። ሚሽሚሹ እየበሰለ ነው።

"ይወዱሻል?" አልኳት።

"አባዬ፣ እስካሁን ማንም ሞልቶ አልቀዳልኝም።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያለቀስኩት። ደስታ ነው መሰለኝ። ቢያንስ ግማሹ።

ሰኔ 14

ዝናብ። ተረፋ ሲመሽ ብቅ አለ፣ ጃኬቱን በራሱ ላይ ጥሎ። ካፖርቱን ለብሼ አገኘኝ፣ ቤቱ ስለሚበርድ።

"ነጋዳ የኹጃንድ ሰው!" አለና ቆሞ የካፖርቱን ስፌት ገልጦ ማየት ጀመረ። "በእጅ ነው የሰፉት። በእጅ! አየህ ይሄን?"

ሻይ ቀዳሁለት። አንድ ጉንጭ።

"ምንድነው ይሄ? ስኳር ተወደደ እንዴ?"

"ጠጣ።"

ጠጣው። ብርጭቆውን ወደኔ ገፋ። ደግሜ አንድ ጉንጭ ቀዳሁለት።

"ሰውዬ፣ ትቀልድብኛለህ? ሙላው እንጂ!"

"ታኢ" አልኩት በራሱ ቋንቋ። ተቀመጥ። "እሱን ማለት ነው።"

አየኝ። ያን ቀን ለስልኩ ያሳየሁትን ብርጭቆ አስታወሰ መሰለኝ። ወንበሩን ሳበና ጃኬቱን አወለቀ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ጃኬቱን እኔ ቤት ሰቅሎ አያውቅም። ስለ ስፌቱ አወራኝ፣ ስለ አርጆዋ የልጅ ልጁ፣ ስለ ዘርፈሽም፣ ቀሚስ ስታሰፋ እንዴት ታስቸግረው እንደነበር። ይሄን አልሰማሁም ነበር።

ዝናቡ አባራ። አልሄደም።

ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆነ። ሌላ ውሃ ጣድኩ።